ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ

ሥርጉት አቶ ሓየሎምን የምትጠላበት ምክንያት ብዙ ቢሆንም አንጀቷን የሚያሳርረው ግን በአማርኛ ሲያናግራት ነበር። ከደሴ መጥታ መቀሌ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏታል። ትዳሯም ልጆቿም እዚህ ናቸው፤ ትግርኛዋም ገበያ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ዓይነት ነው። እሱ ይህን እያወቀ ከሌላው ሠራተኛ ጋር በትግርኛ ሲሳሳቅ ይቆይና ወደ እሷ ሲዞር ድምፁን አለስልሶ፣ ለእንግዳ ወንበር እንደሚስብ ሰው፣ «እሺ ወይዘሮ ሥርጉት፣ እንደምን አደሩ?» ይላታል። እሷም እልህ ይይዛትና በትግርኛ ትመልስለታለች። እሱ በእሷ ቋንቋ፣ እሷ በእሱ ቋንቋ፣ ማንም ማንንም ሳይለቅ መንፈቅ አለፈ።

ያገናኛቸው ሓወልቲ አካባቢ እንደገና የተከፈተ አንድ ንባብ ቤት ነበር። ሓየሎም ዳኛ የነበረ፣ አሁን ጠበቃ የሆነ፣ የንባብ ቤቱም ቦርድ ሰብሳቢ ነው። ሥርጉት ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ አማርኛ ስታስተምር ኖራ እዚህ የተቀጠረችው መጽሐፍ እንድትመርጥና ለሚመጣው አንባቢ እንድትመክር ነው። በጦርነቱ ጊዜ መደርደሪያው ሳይቀር ተወስዶ ቤቱ ባዶውን ቆይቶ ነበር። ሲከፈት ግን መጽሐፍ ከየአቅጣጫው በካርቶን ጎረፈ። ትግርኛው፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ተደባልቆ፣ የልጆች ተረት ከሕግ መጽሐፍ ጋር፣ የጸሎት መጽሐፍ ከፍቅር ታሪክ ጋር ተነባብሮ መጣ። ሥርጉት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና አቧራውን እያራገፈች አንድ በአንድ ለየችው። ለየዕድሜው ቀለም አወጣችለት፤ ለትንንሾቹ ቢጫ፣ ከፍ ላሉት አረንጓዴ፣ ለጎረምሶቹ ሰማያዊ፣ ለአዋቂ ቀይ ወረቀት ለጠፈች። «ለልጄ ምን ይሻለዋል?» ብሎ የሚመጣ ወላጅ ካለ የልጁን ዕድሜ ትጠይቅና ወደ ቀለሙ ትመራዋለች። በዚህ ሥራዋ ትኮራ ነበር።

የወንጀል ልብ ወለዶቹን ግን አልወደደቻቸውም። ሽፋናቸው ላይ ደም የሚያንጠባጥብ ቢላዋ፣ ጭስ የሚተፋ ሽጉጥ፣ አፏን ከፍታ የምትጮህ ሴት አለ። «ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ» የሚል ቀይ ወረቀት ለጥፋባቸው በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችባቸውና ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሓየሎም ደግሞ በዓለም ላይ የሚወደው እነዚህን ነበር።

«መጽሐፍ ቆልፈው ሰው እንዲያነብ ይፈልጋሉ?» አላት አንድ ቀን በቦርዱ ስብሰባ ላይ።

«አዋቂ መጥቶ ይጠይቀኝ፣ እከፍትለታለሁ።»

«ኣይ እንግዲህ! እኔ ስንት ዓመት ስፈርድ የኖርኩ ሰው፣ ስለ ወንጀል ከእኔ በላይ ሊያውቁ ነው?»

«ወንጀል ያውቁ ይሆናል» አለች ሥርጉት በትግርኛ። «መጽሐፍ ግን አያውቁም።»

የቦርዱ አባላት አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው አንዱ፣ በአቅራቢያው ያለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የሆኑት አቶ ወልደአማኑኤል፣ ጠብ የማይወዱ ሰው ስለነበሩ ወዲያው ስለ አምፖል መግዛት ጉዳይ አነሡ። ሓየሎም ግን የተናገረችውን በልቡ ይዞ ወጣ።

የንባብ ቀን የተባለው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዳራሹ በወላጅና በተማሪ ጢም ብሎ ሞላ። ሥርጉት ድምፅ ማጉያውን ይዛ፣ ለየክፍሉ የመረጠችውን መጽሐፍ ምን እንደሆነ በሁለቱም ቋንቋ እያጫወተች፣ ተማሪዎቹን እየጠራች በእጃቸው ትሰጥ ጀመር። አንደኛ ክፍሎች መጡ። ሁለተኛና ሦስተኛም መጡ። ለአራተኛ ክፍል የመረጠችው ጫማዋ ጠፍቶባት ጫካውን ሙሉ ስትፈልግ ስለዋለች ጥንቸል ነበር። ሥዕሉ የሚያምር፣ ፊደሉ ደልደል ያለ፣ ቢጫ የተለጠፈበት ነው። ልጆቹ ተሰልፈው እየተቀበሉ ሳሉ ከመጨረሻው ላይ ከሥርጉት የምትረዝም ልጅ ቆመች። ሻሿን አጥብቃ አስራለች፤ እጆቿ የሠራተኛ እጆች ናቸው።

ሥርጉት ፈገግ አለች። «አንቺ ደግሞ ለማን ነው የምትቀበዪው? ታናሽሽ አፍሮ ነው? ጥሪው እንጂ!» አለች በድምፅ ማጉያው።

ልጅቷ ሻሿን ወደ ግንባሯ ጎተተች። ከኋላ የቆመ አንድ ልጅ፣ «አራተኛ ክፍል እኮ ናት! አብራን ነው የምትማረው!» ብሎ ጮኸ።

አዳራሹ ሳቀ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲሆን የሚያመልጠው ዓይነት ሳቅ ነው። ሥርጉት ፊቷ ቀላ። ማስተካከል ስለፈለገች፣ «ጎሽ! መማር መቼም አይረፍድም!» አለች፤ እሱም ባሰ። ልጅቷ ጥንቸሏን ተቀበለች፣ ሽፋኑን ለአፍታ አየችው፣ ከዚያም ፊት ለፊት ከነበረው ባዶ ወንበር ላይ በጥንቃቄ አስቀምጣው በመካከለኛው መተላለፊያ ወጥታ ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የልጅቷ እናት መጣች። ወይዘሮ ገላነሽ ትባላለች፤ የቆቦ ሰው ናት፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። የበርበሬው ብናኝ ከቀሚሷ ላይ ሳይራገፍ ነው የመጣችው፤ በሩ ላይ ስትደርስ የሚያነቡት ሰዎች ማስነጠስ ጀመሩ።

«ሥርጉት የምትባለው ማን ናት?»

«እኔ ነኝ፤ ምን ልታዘዝ?»

«ምንም አትታዘዢ። ፊትሽን ለማየት ነው የመጣሁት።» ገላነሽ ጠረጴዛው ላይ ሁለት እጇን አስደግፋ ጎንበስ አለች። «ልጄን ዓለምእሸትን አደባባይ አውጥተሽ ያሳቅሽባት አንቺ ነሽ?»

«እመቤት፣ ማሳቅ አይደለም፣ ሳላውቅ—»

«ሳላውቅ! መጀመሪያ ኮሮና መጣ ብለው ትምህርት ቤቱን ዘጉት። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። ከዚያ ደግሞ እኔ ታመምኩና ልጄ ሻይ ቤት ብርጭቆ ስታጥብ ከረመች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሕፃናት ጋር ተቀመጪ ብዬ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ እግሯ ላይ ወድቄ ነው ያስገባኋት። አንቺ በአንድ ቀን አስወጣሻት! ከእንግዲህ አልሄድም ብላለች።»

ሥርጉት በዚያች ሰዓት ይቅርታ ብትል ኖሮ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ነገር ግን ሰው ሁሉ እያየ ነው፤ ደግሞም በሥራዋ ገብተውባታል። ጀርባዋን አቀናች። «መጽሐፉ የተመረጠው በክፍሏ ነው። ለአራተኛ ክፍል የሚመጥነው እሱ ነው።»

«ክፍሏን ነው ያየሽው?»

«ሌላ ምን ልይ?»

«እሷን!» ብላ ጮኸች ገላነሽ። «ጓለይን፣ ልጄን እያት እንጂ! ጡት ላወጣች ልጅ የጥንቸል ጫማ ትሰጫታለሽ?»

በዚህ መካከል በዚያው ቤት ያለው የሓየሎም ቢሮ በር ተከፈተ። ሲሰማ ቆይቶ እንደሆነ ያስታውቃል፤ ፊቱ ላይ የረካ ሰው ዝምታ አለ። ገላነሽን እንደ እህት በትግርኛ «ሓፍተይ» ብሎ አረጋጋና ወደ ሥርጉት ዞረ። «ወይዘሮ ሥርጉት፣ ያን ቁም ሳጥን ይክፈቱ እስኪ። ለዚህች ልጅ የሚሆን መጽሐፍ እኔ እሰጣለሁ። አጭር ነው፣ ልብ ይሰቅላል፣ ቃሉም አይከብድም።»

«የግድያ መጽሐፍ? ለአራተኛ ክፍል ተማሪ?»

«ይክፈቱ ብያለሁ።»

«ደንቡን ቦርዱ አጽድቆታል፤ እርስዎም ፈርመዋል። አልከፍትም።»

«የቦርዱ ሰብሳቢ እያዘዘዎት ነው!»

«ሰብሳቢው ፊርማውን ያክብር።»

ገላነሽ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላዋን አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወረወረች። «በልጄ ላይ ቆማችሁ ነው ለካ የምትናከሱት» አለችና ወጣች። በርበሬው ግን ከእሷ በኋላ ብዙ ቆየ።

ያን ዕለት ሥርጉት ምሳ አልበላችም። ጥፋተኛ መሆኗን ውስጧ ያውቀዋል፤ የሚያናድዳት ግን ጥፋቷን ሓየሎም ማየቱ ነው። ንባብ ቤቱ ለምሳ ሲዘጋ መደርደሪያዎቹን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸች። የምትፈልገው ግልጽ ነበር፤ ቃሉ ቀላል፣ ጉዳዩ ግን የትልቅ ሰው የሆነ መጽሐፍ። ቢጫዎቹን ገለጠች፤ ጥንቸል፣ ዝንጀሮ፣ ለእናቷ የምትታዘዝ ትንሽ ልጅ። አረንጓዴዎቹ ምክር ያበዛሉ። ሰማያዊዎቹ ስለ አሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያወራሉ፤ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ ገጹ ያልቃል። ቀለሞቿን ስታወጣ አንድ ልጅ በሁለት ዕድሜ ላይ ሊቆም ይችላል ብላ አላሰበችም ነበር። በዚህ ከተማ ደግሞ ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ በየመንገዱ ነው፤ የራሷ ታናሽ ልጅ ክፍል እንኳ በጎረምሳ ተሞልቷል። እያየች አላየችም።

በመጨረሻ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ከሓየሎም መጽሐፎች ቀጭኑን አወጣች። ያወጣችው መጥፎ መሆኑን ለማረጋገጥ ነበር። አንዲት የሆቴል አልጋ አንጣፊ ጠዋት ክፍል ለማጽዳት ስትገባ እንግዳውን ሞቶ ታገኘዋለች፤ ሻንጣው ውስጥ ደግሞ የእሷ ፎቶ አለ። ሥርጉት እርሳስ ይዛ ስሕተት ልትለቅም ተቀመጠች። ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ አጭር ነው። «በሩን ዘጋች። እጇ ተንቀጠቀጠ። ማን ይመጣል?» አጻጻፉ ደረቅ ነው፤ ሰዎቹ ከእንጨት የተጠረቡ ይመስላሉ። ግን ፎቶው ሻንጣው ውስጥ እንዴት ገባ? የንባብ ቤቱ ሠራተኛ ከምሳ ተመልሶ ሲያንኳኳ እርሳሱን ከጣለችው ቆይታለች። መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በተናደደ እጅ በሩን ከፈተች።

ቅዳሜ ቀዳማይ ወያነ ወረደች። ገላነሽ ጆንያዎቿ መካከል ተቀምጣለች፤ ዓለምእሸት አጠገቧ ሽሮ ትነፋለች። ሁለቱም አዩዋት፤ ሁለቱም ሰላም አላሏትም።

«ልትገዢ ነው?» አለች ገላነሽ።

«ለልጅቷ መጽሐፍ ይዤ ነው።»

«ጥንቸሏ ጫማዋን አገኘች?» አለች ዓለምእሸት ቀና ሳትል። ድምጿ ወፍራም፣ የማይለሰልስ ነው።

ሥርጉት መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣችና ሽሮ ያልነካው ጆንያ ላይ አኖረችው። ቀዩን ወረቀት አነሣዋለሁ ብላ ረስታዋለች። ልጅቷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ከ… አሥራ… ስምንት… ዓመት በላይ» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሥርጉትን ዓይን አየች። «ለእኔ?»

«ለአንቺ።»

«ሰው ይሞትበታል?»

«በመጀመሪያው ገጽ።»

ልጅቷ መጽሐፉን አገላበጠችው። «አንቺ አታስነብቢኝም። እንድታስነብቢኝ አልፈልግም።»

«እኔም አላልኩም።»

«አስቀምጪና ሂጂ በቃ» አለች ገላነሽ። «የቆምሽው ገዢ በሚቆምበት ላይ ነው።»

ሥርጉት እስከ ባጃጁ ድረስ ስትሄድ ጆሮዋ እየጋለ ነበር። እንዲህ የተናገሯት ዕለት ትዝ አይላትም። ይቅርታ ልትል መጥታ ይቅርታ ሳትል መመለሷም ትዝ ያላት ባጃጁ ከተነሣ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ሥርጉት መጽሐፉ የሽሮ መጠቅለያ ሆኗል ብላ ተስፋ ቆርጣ ሳለች አንድ ከሰዓት ዓለምእሸት ንባብ ቤቱ ገብታ ጠረጴዛዋ ፊት ቆመች። መጽሐፉ ጠርዙ በበርበሬ ቀልቷል። ሰላምታ የለም። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አሳርፋለች።

«ኑዛዜ ለቄስ የሚነገረው አይደል?»

«ነው።»

«ታዲያ ሰውየው ሞቷል። እንዴት ነው ኑዛዜው ከጠበቃው ቤት የተገኘው?»

ሥርጉት ሰው ሳይሞት ንብረቱን ለማን እንደሚተው የሚጽፈውም ኑዛዜ እንደሚባል ነገረቻት። ልጅቷ ዓይኗን አጥብባ አሰበች። «እንግዲያው የሚፈልጉት ቤቱን ነው!» አለች ለራሷ። ሥርጉት አፏን ስትከፍት ግን እጇን አነሣችባት። «አትንገሪኝ!» ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጣቷን ከመስመር ወደ መስመር እየጎተተች፣ እስኪዘጋ ድረስ አነበበች። በማግስቱም መጣች። ስትመጣ ቃል ትጠይቃለች፤ መልሱን ስታገኝ ፊቷን ታዞራለች።

የጨረሰችው ዕለት መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «መጨረሻው ውሸት ነው።»

«እንዴት?»

«ገዳዩ ለፖሊሱ እያለቀሰ ተናገረ። ማንም ሳይመታው! ሰው ገድሎ እንዲያ የሚያለቅስ እኔ አላየሁም።»

ሥርጉትም እዚያው ገጽ ላይ ከንፈሯን መጥጣ ነበር። «ጸሐፊው ገጽ አልቆበት ነው» አለች። ልጅቷ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ዋጠችው።

ይህን ሁሉ ሓየሎም ከቢሮው መስኮት እያየ ነበር፤ መጽሐፉ የተሰጣት ገበያ ላይ መሆኑንም ሰምቷል። በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው ጉዳይ ሥርጉት ሆነች። ሓየሎም ተነሥቶ፣ ችሎት ላይ እንዳለ ሰው ኮቱን ቆልፎ፣ ቀይ የተለጠፈበት መጽሐፍ ለአካለ መጠን ላልደረሰች ልጅ መሰጠቱን አስረዳ።

ሥርጉት ጆሮዋን ማመን አቃታት። «ክፈቺ ብለው የጮሁብኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ። በግልጽ፣ በሰው ፊት ጠየቅሁ፤ እርስዎም በደንቡ መሠረት እምቢ አሉ። ትክክል ነበሩ።» ፈገግ አለ። «እምቢ ካሉ በኋላ በቦርሳ ይዞ ገበያ መውረድ ግን ደንብ መጣስ ነው። ልዩነቱን ማንም ሕግ የሚያውቅ ሰው ይረዳዋል።»

አቶ ወልደአማኑኤል የልጅቷ እናት ብትሰማ ይሻላል ብለው አስጠርተዋት ስለነበር ገላነሽ ገባች። ሓየሎም በአክብሮት ወንበር ሳበላት። አልተቀመጠችም።

«ይህ መጽሐፍ ለልጅሽ መሰጠቱን አንቺ ፈቅደሻል?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

ሓየሎም ወደ አባላቱ ዞረ። «ይኸው!»

«አልጨረስኩም» አለች ገላነሽ። «ይህችን ሴትዮ አልወዳትም። ልጄን አሳቀችባት፣ እስከ ዛሬ ድረስ ይቅርታ አላለችኝም። አንተንም አልወድህም። ሓፍተይ ብለህ ልጄን የጠብህ መሣሪያ ልታደርጋት ነው የፈለግኸው። ነገር ግን ጓለይ ገበያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማት፣ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ጎረቤቶቼ ሥራ ፈትተው፣ ማን ገደለው እያሉ ይጠይቋታል። ሰኞ ዕለት ደግሞ ደብተሯን ይዛ ወደ ትምህርት ቤቷ ተመለሰች፤ እኚህ ሰውዬ ያውቃሉ።» አቶ ወልደአማኑኤልን በአገጯ አመለከተች። «ከዚያ በላይ የምላችሁ የለኝም። ጆንያዬን ለሰው ትቼ ነው የመጣሁት።»

ከወጣች በኋላ ሥርጉት የሚያዩዋትን ሁሉ አየች። «ሰጥቻታለሁ» አለች። «ሳላስፈቅድ ነው የሰጠሁት፤ እሱ ጥፋቴ ነው። ደንቡም የተሳሳተ ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ።»

ቦርዱ ብዙ ተከራከረ። አባላቱ ሊያባርሯት አልፈለጉም፤ ሓየሎምንም ማስቀየም ፈሩ። መጨረሻ ላይ የመስታወቱ ቁም ሳጥን ቁልፍ ከሥርጉት ተወስዶ ለሰብሳቢው እንዲሰጥ ተወሰነ። ሓየሎም ራሱ ቃለ ጉባኤውን አጻፈ።

«ቁልፉን ብቻ?» አለች ሥርጉት።

«ቁልፉን ብቻ። ሌላ ቅጣት አንፈልግም፤ ጨካኞች አይደለንም።»

«እሺ። ነገ ጠዋት ይረከቡኛል።»

ሥርጉት ከስብሰባው ወጥታ በቀጥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። መጽሐፎቹን በክንዷ እያቀፈች አወጣች፤ ቀዩን ወረቀት በጥፍሯ እየላጠች፣ ለጎረምሶች ከተለዩት መጽሐፎች አጠገብ ደረደረቻቸው። ጥፍሯ ውስጥ ማስቲሽ ገባ። ሲያልቅ ባዶውን ቁም ሳጥን ቆለፈችው። ጠዋት ሓየሎም እጁን ዘርግቶ ቁልፉን ተቀበላት፤ መስታወቱን ያየው ኪሱ ከከተተው በኋላ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? መጽሐፎቹስ?»

«ቃለ ጉባኤው ቁልፉን ይላል፤ እርስዎ ነዎት ያጻፉት» አለችው።

ሓየሎም ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አየው። በኋላ አንድ ካፌ ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ «ንባብ ቤታችን ወንጀል ልብ ወለድን ለወጣቱ ክፍት ያደረገው በእኔ ግፊት ነው» ብሎ ሲናገር ሰማችው። ውሸት አይደለም ብሎ የሚከራከርለት ሰውም አልጠፋም። ሥርጉት ደሟ ፈላ፤ ቡናዋን ግማሹን ጥላ ከካፌው ወጣች። አሁንም በኮሪደር ሲገናኙ መንገድ ለመልቀቅ አንዱ አንዱን ይጠብቃል።

ገላነሽን ይቅርታ የጠየቀቻት ሽሮ ልትገዛ በሄደች ቀን ነው። ገላነሽ ሰማቻት፣ ሽሮውን መዘነችላት፣ «እሺ» ብላ ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።

ዓለምእሸት ግን መምጣቷን አላቋረጠችም። አንድ ቀን መደርደሪያው ፊት ቆማ ሁለት መጽሐፍ ይዛ ስታመነታ ሥርጉት ተጠጋቻት።

«በቀኝ እጅሽ ያለው ይሻላል» አለች። «መርማሪዋ ሴት ናት፣ ጸሐፊው አይቸኩልም፣ መጨረሻውም አያታልልሽም። በግራሽ ያለው ግን ልፍስፍስ ነው፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ግማሹ ላይ ሳትደርሺ ታውቂዋለሽ።»

ልጅቷ ሁለቱንም ሽፋን ደጋግማ አየች። ከዚያ በቀኝ እጇ የያዘችውን መልሳ በግራዋ ያለውን ደረቷ ላይ አስጠጋች።

«ይህን ነው የምወስደው» አለች። «ልክ መሆንሽን ራሴ ልየው።»